ማጉረምረም ይብቃ፦ ለቼዝ ፌዴሬሽን ቅሬታ እንዲህ ይቀርባል

“መጽሔቱ አልመጣልንም።” “ልጄ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ሬቲንጉ ንቅንቅ አላለም።” “ሕጉ መቀየሩን የሰማነው ውድድሩ ቦታ ከደረስን በኋላ ነው።” “ኢሜይል ብንልክስ ማን ያነበዋል?”

ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ቼዝ አስተምራለሁ። ልጆቹ ሰሌዳ ላይ ሲፋለሙ ወላጆች ከኋላ ተቀምጠው የሚያወሩት ይህንኑ ነው። የቴሌግራም ግሩፓችንም በዚሁ የተሞላ ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው። የአባልነት ክፍያ የከፈለ ሰው መረጃ በጊዜው ሊያገኝ ይገባል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ቅሬታ ከግሩፑ አይወጣም። እዚያው ተወልዶ እዚያው ይሞታል። የሚመለከተው ሰው ሳይሰማ ወላጁ ተስፋ ይቆርጥና ልጁን ከውድድር ያስቀራል። ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ሲቀሩ አይቻለሁ። ስለዚህ እኔ የማደርገውን፣ ለወላጆችም የምነግረውን እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ “ፌዴሬሽኑ” ማን እንደሆነ እንለይ

እኛ ሁሉንም በጅምላ “ፌዴሬሽኑ” እንላለን። አንድ ቤት ግን አይደለም። ውድድሩን የሚያዘጋጅ ክለብ ወይም ድርጅት አለ። እዚያ የውድድሩ ዳይሬክተር አለ። ማን ከማን እንደሚጫወት የሚደለድለው፣ ውጤት የሚመዘግበው፣ ውጤቱን የሚልከው እሱ ነው። ከዚያ የስቴቱ ማኅበር አለ። ሜሪላንድ የራሱ አለው፣ ቨርጂኒያም የራሱ አለው። የስቴት ሻምፒዮና የእነሱ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ብሔራዊው ፌዴሬሽን፣ ዩኤስ ቼዝ የምንለው ይመጣል። በ1939 የተመሠረተ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ ነው። አባልነት፣ ሬቲንግ (የተጫዋቹን ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር)፣ መጽሔትና የውድድር ሕግ የዚህ ቤት ሥራ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴ አለ።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ልጃችሁ አሸንፎ “ተሸነፈ” ተብሎ ከተመዘገበ ሴንት ሉዊስ መደወል ብዙም አይጠቅምም። እዚያ ያለው ሠራተኛ ጨዋታውን አላየም። ውጤቱን የላከው ዳይሬክተሩ ስለሆነ እርማቱም ከእሱ ነው የሚጀምረው። በተቃራኒው መጽሔት ስላልመጣ ዳይሬክተሩ ላይ መጮህ ግፍ ነው። ሰውየው ቅዳሜና እሑዱን ሰውቶ ልጆቻችንን ሲያጫውት የዋለ ነው። በሩን ካልለያችሁ የሚተርፋችሁ ደጅ ጥናት ብቻ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ልጁን አባል ያደረገው ማን ነው? የየትኛውን ሰው ኢሜይል ነው ያስገባው? ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው ኮምፒዩተር የሚችለው የአጎት ልጅ ነው። ወይም የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ነው። ታዲያ የአባልነት ማሳሰቢያውም፣ ማስታወቂያውም የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እናት “አንድም ነገር ነግረውኝ አያውቁም” ትላለች። እውነቷን ነው፣ ለእሷ አልደረሳትም። ወደ አባልነት ገጹ ግቡና ኢሜይሉን ወደ ራሳችሁ ቀይሩት። ቀጥላችሁ የኢሜይላችሁን ስፓም ክፍል አንድ ጊዜ ፈትሹ።

ከመጻፋችሁ በፊት ሬቲንጉን ራሳችሁ አንብቡት

የግሩፓችን ትልቁ ጭቅጭቅ ሬቲንግ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

የፌዴሬሽኑ የሬቲንግ ገጽ ለማንም ክፍት ነው። የልጁን ስም ወይም የአባልነት ቁጥሩን ስታስገቡ የተጫወተባቸው ውድድሮች በዝርዝር ይመጣሉ። አንዱን ውድድር ስትከፍቱ ሠንጠረዥ ታያላችሁ። ከልጁ ስም ትይዩ ለየዙሩ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደልና አንድ ቁጥር አለ። ደብልዩ 14 ካለ፣ በዝርዝሩ 14ኛ ላይ ያለውን ልጅ አሸንፏል ማለት ነው። ኤል ሽንፈት ነው፣ ዲ አቻ። ኤች ካለ ያን ዙር ሳይጫወት ግማሽ ነጥብ ተሰጥቶታል። ቢ ካለ ተጋጣሚ ስላልተገኘለት ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶታል። ኤክስ ካለ ደግሞ ተጋጣሚው ሳይመጣ ቀርቶ በፎርፌ አሸንፏል። ኤች፣ ቢ እና ኤክስ ለውድድሩ ነጥብ ይቆጠራሉ። ለሬቲንግ ግን አይቆጠሩም። ልጁ ሦስት ነጥብ ይዞ ዋንጫ ወስዶ ሬቲንጉ እምብዛም ካልጨመረ መጀመሪያ እነዚህን ፊደሎች ፈልጉ።

ቀጥሎ፣ ቁጥሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የውድድሩ ውጤት እንደገባ ወዲያው የሚሰላው ነው። ሌላኛው በየወሩ የሚወጣው ይፋዊ ሬቲንግ ነው። አዘጋጆች በአብዛኛው የሚደለድሉት በይፋዊው ነው። ስለዚህ ልጃችሁ በወሩ አጋማሽ 620 ደርሶ ሳለ በሚቀጥለው ቅዳሜ 540 ተብሎ ቢመደብ ማንም አልበደለውም። አዲሱ ቁጥር ይፋዊ እስኪሆን እየጠበቀ ነው።

ከቁጥሩ ኋላ ፒ የምትል ፊደልና ሌላ ቁጥር ካያችሁም አትደንግጡ። 540፣ ከዚያ ፒ፣ ከዚያ 9 ቢል ሬቲንጉ ገና ጊዜያዊ ነው፣ የተሰላውም በ9 ጨዋታ ነው ማለት ነው። እስከ 25 ጨዋታ ድረስ ጊዜያዊ ነው። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ በአንድ ቅዳሜ 100 ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላል። ልጁ አልሰነፈም። ቁጥሩ ገና አልረጋም።

ልጁ ሳይጫወት ቁጥሩ የተለወጠበት ጊዜም አለ። አንድ ዳይሬክተር የቆየ ውድድር አዘግይቶ ከላከ ከዚያ በኋላ ያሉት ውድድሮች በቅደም ተከተል እንደገና ይሰላሉ። የተጋጣሚው ሬቲንግ ሲለወጥ የልጃችሁም ጥቂት ይነካል።

ሥርዓቱን የሠራው አርፓድ ኤሎ የተባለ የሚልዋኪ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነው። ፌዴሬሽኑ በ1960፣ ፊዴ ደግሞ በ1970 ተቀብለውታል። ይህን ያህል የቆየና ግልጽ ሥርዓት ለአዲስ ወላጅ በቀላል ቋንቋ ተጽፎ ልጁ በተመዘገበ ዕለት እጁ ላይ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን ሐሳብ ለፌዴሬሽኑ ብትጽፉ ደስ ይለኛል። እንዴት እንደሚጻፍ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የእኛ ስም ሲገባ

አንዲት ተማሪዬ ሁለት ሰው ሆና ነበር። አባቷ መጀመሪያ ሲያስመዘግባት የእሷንና የራሱን ስም ሰጠ። በሌላ ውድድር ላይ ግን በር ላይ የነበረው መዝጋቢ ፓስፖርቱን አይቶ በአያቷ ስም አስገባት። የስሟንም አጻጻፍ በአንድ ፊደል ለወጠው። ስሟ በነባሩ መዝገብ ውስጥ ስላልተገኘ አዲስ የአባልነት ቁጥር ወጣላት። ከዚያ በኋላ ጨዋታዎቿ ግማሹ በአንዱ ቁጥር፣ ግማሹ በሌላው ይመዘገቡ ጀመር። በአንደኛው ጠንካራ ተጫዋች ነች፣ በሌላው ጀማሪ። ልጅቷ “እኔ የትኛዋ ነኝ?” ብላ ጠየቀችኝ።

ይህ ችግር የእኛ ሰው ላይ ይበዛል። የአባትና የአያት ስም እዚህ አገር ቅጽ ላይ ቦታ ይጠፋዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ ምረጡ። ትምህርት ቤት የተመዘገበበት ቢሆን ይሻላል። የአባልነት ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙ። በር ላይ ስም ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ ቁጥሩን ንገሯቸው።

ሁለት ቁጥር ወጥቶ ካገኛችሁ ግን ለፌዴሬሽኑ መጻፍ ነው። የዚህች ልጅ አባት የላከው ኢሜይል ይዘቱ ይህ ነበር፦

“ጉዳዩ፦ አንዲት ልጅ ሁለት የአባልነት ቁጥር ስላላት እንዲዋሃዱ ስለመጠየቅ። የልጄ ሙሉ ስምና የልደት ቀን ከዚህ በታች አለ። የመጀመሪያ ቁጥሯ ይህ ነው፣ የተመዘገበችውም በዚህ ስም ነው። ሁለተኛው ቁጥር ይህ ነው፣ በዚህ ስም። ሁለቱም የእሷ ናቸው። የመጀመሪያው እንዲጸና፣ በሁለተኛው የተመዘገቡት ጨዋታዎችም ወደ እሱ እንዲዛወሩ እጠይቃለሁ። በሁለተኛው ቁጥር የተጫወተችባቸው ውድድሮች ስምና ቀን እነዚህ ናቸው። አባቷ ነኝ፣ ስልኬ ይህ ነው።”

በቃ። ሌላ የለውም። ቁጥሮቹ ተዋሃዱ፣ ልጅቷም አንድ ሰው ሆነች።

አጻጻፉ ላይ

ከዚህ ኢሜይል የምትወስዱት ብዙ ነገር አለ። እኛ ስንጽፍ ሰላምታው ይረዝማል፣ ምሬቱ ይቀጥላል፣ የምንፈልገው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። “በጣም አዝነናል፣ ይህ ተገቢ አይደለም” የሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ የደረሰው ሠራተኛ ምን ያድርግ? ያዝን ይሆናል። ፋይል ግን አይከፍትም።

አንድ ኢሜይል ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ ይኑር። መጽሔቱም፣ ሬቲንጉም፣ የስም ስሕተቱም አንድ ላይ ከተጫኑ ቀላሉ ይመለስና ሌላው የውሃ ሽታ ይሆናል። ሬቲንግ የሚያየው ሰውና መጽሔት የሚልከው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ርእሱ ላይ የአባልነት ቁጥሩን አስገቡ። ቀን ጥቀሱ። “ባለፈው ሰሞን” አይባልም። እናንተ ራሳችሁ ምን እንዳያችሁ ጻፉ። “የውድድሩን ሠንጠረዥ አይቻለሁ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ኤል ተብሏል፣ ልጄ የያዘው የጨዋታ ወረቀት ግን አቻ ነው የሚለው” ሲባል አንባቢው የት እንደሚያይ ያውቃል። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ።

አገር ቤት መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያልወጣለት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠር የለም? ስልክም እንደዚያ ነው። በስልክ የተባለ ነገር ነገ ማስረጃ የለውም። ደውላችሁ ከሆነ የመለሰላችሁን ሰው ስም ጠይቁ። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ በጠዋት ደውላችሁ “አያነሱም” አትበሉ። ስልኩን እንደዘጋችሁ “ዛሬ ከእገሌ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ተባብለናል” ብላችሁ አጭር ኢሜይል ላኩ። ኋላ ነገሩ ቢረሳ ጣታችሁን የምታስቀምጡበት ቦታ አላችሁ።

መልስ ካልመጣ እኔ ለወላጆች የምመክረው አሥር የሥራ ቀን ነው። ከዚያ አዲስ ኢሜይል አትጀምሩ። የመጀመሪያውን ከፍታችሁ እሱ ላይ መልሱና “ከላይ ያለውን በዚህ ቀን ልኬ ነበር፣ የት ደረሰ?” በሉ። ሁለተኛውም ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ ያንኑ ሰንሰለት ለክፍሉ ኃላፊ አስተላልፉ። ከዚያም ለቦርድ አባል። ቁጣ መጨመር አያስፈልግም። ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አንድ ነገር ግን ግምት ውስጥ አስገቡ። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ብሔራዊ የተማሪዎች ሻምፒዮናዎች አሉ። ኦገስት ላይ ዩኤስ ኦፕን የተባለው ብሔራዊ የቼዝ ውድድርና የፌዴሬሽኑ ዓመታዊ ስብሰባ አለ። አባላቱ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት መልስ ቢዘገይ ጥቂት ታገሡ፣ ግን ጥያቄውን አትተዉት።

መጽሔቱ

የፌዴሬሽኑ መጽሔት ቼዝ ላይፍ በ1946 በጋዜጣ መልክ የተጀመረ ነው። በ1969 ቼዝ ሪቪው ከተባለው ሌላ አንጋፋ መጽሔት ጋር ተዋሃደ። ለልጆች የሚዘጋጀው ቼዝ ላይፍ ፎር ኪድስ በ2006 መጣ። ይህን የምጽፈው መጽሔቱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። ለብዙ አባላት ፌዴሬሽኑ ማለት ፖስታ ሳጥን ውስጥ የሚመጣው ወረቀት ነበር።

“አልመጣልንም” የሚል ወላጅ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የአባልነቱን ዓይነት ነው። ዛሬ መደበኛው አባልነት መጽሔቱን በኢንተርኔት የማንበብ መብት ነው የሚሰጠው። የታተመው በተጨማሪ ክፍያ የሚመረጥ ነው። ስትከፍሉ ያን ካልመረጣችሁ ወረቀት አይመጣም። ደረሰኙን ተመልከቱ።

መርጣችሁ ካልመጣ አድራሻውን አጣሩ። የአፓርታማ ቁጥር ተረስቶ ይሆናል። ቤት ቀይራችሁም ይሆናል። ብዙ ሰው ፖስታ ቤት የአድራሻ ለውጥ ስለሞላ ሁሉም ነገር የሚከተለው ይመስለዋል። ተራ ደብዳቤ ለ12 ወር ይከተላችኋል። መጽሔት ግን የሚከተላችሁ ለ60 ቀን ብቻ ነው። ሁለት ወር አልፎ መጽሔቱ ድንገት ከቆመ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። አዲሱን አድራሻ ለፌዴሬሽኑም ለየብቻ ስጡ። ሦስተኛው ነገር ቀላል ነው። አባልነቱ ጊዜው አልፎ እንደሆነ እዩ።

የኢንተርኔቱን ንባብ በተመለከተ አንድ ነገር ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ፌዴሬሽኑ የድሮዎቹን የቼዝ ላይፍ እትሞች ከ1946 ጀምሮ፣ የቼዝ ሪቪውንም ጭምር ስካን እያደረገ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጧል። ይህ ሀብት ነው። እኔ ከዚያ እያተምኩ ነው የማስተምረው። በ1956 ኒውዮርክ ላይ የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር፣ ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ከዶናልድ በርን ጋር ያደረገውን ጨዋታ ቼዝ ሪቪው ላይ የቼዝ ጸሐፊው ሃንስ ክሞች “የምዕተ ዓመቱ ጨዋታ” ብሎ ነው የጻፈው። ያን ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ሳሳይ 17ኛው እርምጃ ላይ ሁልጊዜ ጫጫታ ይነሳል። ፊሸር ንግሥቱን አደጋ ላይ ትቶ ቢሾፑን ያንቀሳቅሳል። “ንግሥቱን አስበላት!” ብሎ የሚጮህ ልጅ አይጠፋም። ከዚያ ፈረሱ ንጉሡን በሻህ ላይ ሻህ እያለ የነጭን ቤት ሲበረብር ዝም ይላሉ። 13 ዓመት ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው ተማሪዬ ያን የመጽሔት ገጽ ቅጂ ቤቱ ወስዶ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል።

ለዚህ ነው ወረቀቱ እንዲቀጥል የምፈልገው። ስልክ ላይ ያለ መጽሔት ልጁ ራሱ ካልከፈተው አይታይም። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ታናሽ ወንድም ያነሳዋል። እናንተም እንደዚያ የሚሰማችሁ ከሆነ የታተመውን ምረጡ፣ ለአዘጋጁም ጻፉ። ስትጽፉ የወሩን እትምና ገጹን ጥቀሱ፣ አንድ ሐሳብ ብቻ አንሡ፣ ሙሉ ስማችሁንና ከተማችሁን አስቀምጡ። “መጽሔቱ ደካማ ነው” ማለት አይረዳም። “ከ800 በታች ሬቲንግ ላለው ልጅ የሚሆን አንድ ገጽ በየወሩ ቢኖር” ማለት ግን ሊሠራበት ይችላል።

“የእኛን ልጆች አይጽፉም” የሚለው ቅሬታም አለ። ይህን በራሳችን መቀየር እንችላለን። ጋዜጠኛ እስኪመጣ አትጠብቁ። ልጁ ጥሩ ጨዋታ ሲጫወት የጻፈበትን ወረቀት በዚያው ምሽት አብራችሁት ገልብጡ። የልጅ ጽሑፍ በሦስተኛው ቀን ራሱ ልጁም አያነበውም። የሁለቱን ተጫዋቾች ስም፣ ውድድሩን፣ ቀኑን፣ ውጤቱን ጨምሩ። ልጁ የት ላይ ፈርቶ እንደነበረ፣ የት ላይ ማሸነፉን እንዳወቀ በራሱ አንደበት ሁለት ሦስት መስመር ይጻፍ። አዘጋጅ የሚፈልገው እሱን ነው። ፎቶ ካለ ፎቶው ላይ ያሉት የሁሉም ልጆች ወላጆች መፍቀዳቸውን አረጋግጡ። መጀመሪያ ለስቴታችሁ ማኅበር ላኩት። የቨርጂኒያው ማኅበር ለምሳሌ የራሱ መጽሔት አለው። እንዲህ ያሉ መጽሔቶች የሚዘጋጁት በበጎ ፈቃደኞች ነው፣ ተስተካክሎ የተጻፈ ነገር ሲደርሳቸው በደስታ ነው የሚቀበሉት።

ሕግ ሲቀየር ቀድሞ ማወቅ

ይህ አጭር ነው። የፌዴሬሽኑ የውድድር ሕግ መጽሐፍ 7ኛ እትም በ2019 ወጥቷል። ዋና ዋና ምዕራፎቹ ዌብሳይቱ ላይ በነጻ ይገኛሉ፣ ማሻሻያዎችም እዚያው ይገባሉ። ለውጦች የሚወሰኑት ኦገስት ላይ በሚደረገው የተወካዮች ስብሰባ ነው፣ በአብዛኛው የሚጸኑትም ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። መኸር ላይ አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ብታነቡት በቂ ነው። በግሩፓችን ይህን የሚያነብ አንድ ወላጅ መድበናል፣ ያነበበውን በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍልናል። ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ ግን የልጆችን የልደት ቀንና አድራሻ የሚያሳይ ስክሪንሾት አትላኩ።

ልጃችሁ ጠንክሮ ወደ ፊዴ ውድድር ከገባ

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የፊዴ ሬቲንግ ሌላ መዝገብ ነው። ከማርች 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው 1400 ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ልጆች የፊዴ ሬቲንግ አይኖራቸውም። ሲመዘገቡ ግን ከስማቸው ጎን የአንድ አገር ፌዴሬሽን ይቀመጣል። እዚህ አገር የሚጀምር ልጅ በአሜሪካ ስም ነው የሚገባው። አንድ ቀን ለኢትዮጵያ ልጫወት የሚል ልጅ ካላችሁ ነገሩን ከምዝገባው በፊት ተነጋገሩበት። ኋላ ፌዴሬሽን መቀየር ይቻላል፣ ግን የራሱ ሥርዓትና ክፍያ አለው።

ድምፅ ያለው ማን ነው?

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ዩኤስ ቼዝ የአባላት ድርጅት ነው። ሰባት ሰው ያለው የሥራ አስፈጻሚ ቦርድ አለው፣ የሚመርጡትም አባላት ናቸው። መምረጥ የሚችለው ግን 16 ዓመት የሞላው አባል ነው። እስቲ አስቡት። የእኛ ልጆች 9፣ 10፣ 12 ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ እንከፍላለን፣ ግን አባሉ ልጁ ነው፣ ልጁ ደግሞ አይመርጥም። ወላጁ አባል አይደለም፣ እሱም አይመርጥም። በዚህ ዓይነት አንድ ቤተሰብ ሦስት ልጅ እያጫወተ አንድም ድምፅ የለውም። ከፌዴሬሽኑ አባላት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። የልጆች ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ ወደ ኋላ ቢቀር ይገርማል?

ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ወላጅ አባል ይሁን። ቼዝ ባትጫወቱም። ለአንድ ዓመት የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ የውድድር ቅዳሜ ወጪ ጋር የሚቀራረብ ነው። አባል ስትሆኑ የምርጫ ማስታወቂያው የሚመጣው በኢሜይላችሁ ነው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ያዙት። ለቦርድ የሚወዳደሩ ሰዎች የሚጽፉትን መግለጫ አንብቡ። ስለ ወላጆችና ስለ መጽሔቱ አንድም ቃል ያልጻፈ ተወዳዳሪ ካለ ጠይቁት። ድምፅ የሚፈልግ ሰው ለአባል ጥያቄ ይመልሳል።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማየትም መብታችሁ ነው። ፌዴሬሽኑ ለትርፍ ያልተቋቋመ ስለሆነ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ፎርም 990 ያስገባል። ይህ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የሦስት ዓመቱን የጠየቀ ሰው ማግኘት አለበት፣ ኢንተርኔት ላይም ይገኛል። “ለኅትመት ምንም አያወጡም” ወይም “ገንዘባችንን በሉት” ከማለታችሁ በፊት ክፈቱት። እውነተኛ ጥያቄ የሚወጣው ከቁጥሩ ነው።

ከዚያ ተወካዮች አሉ። እያንዳንዱ ስቴት በአባላቱ ብዛት ተወካይ ይልካል። ኦገስት ላይ በዩኤስ ኦፕን ጊዜ ተሰብስበው ሕግ የሚያሻሽሉት፣ ሐሳብ የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። የሜሪላንድም የቨርጂኒያም ተወካዮች በየውድድሩ የምናያቸው ሰዎች ናቸው። የስቴቱን ማኅበር ብትጠይቁ ማን እንደሆኑ ይነግሯችኋል። ቅዳሜ ውድድር ላይ አግኟቸውና ቡና ጋብዟቸው። “ለአዲስ ወላጅ ማብራሪያ ይዘጋጅ” ወይም “ሁለት ቁጥር የወጣለት ልጅ ጉዳይ በዚህን ያህል ቀን ይታይ” የሚል ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። ሐሳቡን የሚደግፉ አባላት ስምና የአባልነት ቁጥር ከሥሩ ይኑር። ለስብሰባው የሚቀርብ ሐሳብ አስቀድሞ መግባት ስላለበት ተወካዩን ፀደይ ላይ ያዙት። ጁላይ መጨረሻ ላይ የተሰጠው ወረቀት ለከርሞ ነው የሚተርፈው።